ተራርቀው የሚነጋገሩ ሾቶች

አንዷ ለቴሌቪዥንና ለሲኒማ ስክሪፕት ትጽፋለች። ሌላው ዕድሜውን በኤዲቲንግ ክፍል ያሳለፈ፣ አሁን ወጣቶችን የሚያስተምር የፊልም ኤዲተር ነው። አሌሃንድሮ ጎንዛሌዝ ኢኛሪቱ በ2006 ያወጣውን «ባቤል» አብረው አይተው ሲያበቁ የተነጋገሩት ይህ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደራሲዋ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገርና ይውጣልኝ። ስለዚህ ፊልም የሰማሁት ሙገሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሞሮኮ ያለውም፣ ሜክሲኮ ያለውም፣ አሜሪካ ያለውም፣ ቶኪዮ ያለውም ሕመሙ አንድ ነው፤ ሁላችንም በአንድ ክር ተሳስረናል ይላሉ። ፊልሙ ሲያልቅ እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጥይት የተመታችው አሜሪካዊት ድናለች። የሞሮኮው እረኛ ሞቷል፣ ታናሽ ወንድሙ ፖሊስ እጅ ገብቷል። ሜክሲኳዊቷ ሞግዚት 16 ዓመት ከኖረችበት አገር ተባርራለች። ታዲያ አንድነታችን የቱ ላይ ነው?

ኤዲተሩ፦ ቅሬታሽን አልቃወምም። ግን ለይተን እንየው። የተናደድሽው በፊልሙ ነው ወይስ ፊልሙን ባሞገሱት?

ደራሲዋ፦ በፊልሙ። እንዲያ ብለው እንዲያሞግሱት የጋበዛቸው እሱ ራሱ ነዋ። ካቶቹን ይዩአቸው። እረኞቹ ወንድማማቾች አህመድና ዩሱፍ ኮረብታ ላይ ሆነው ወደ ቱሪስቶቹ አውቶቡስ ይተኩሳሉ፤ አውቶቡሱ ቀጥ ሲል ደንግጠው ይሮጣሉ። እዚያው ላይ ይቆረጥና ሳን ዲዬጎ ውስጥ፣ ደልቀቅ ያለ ቤት ውስጥ፣ ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ሲሮጥ እናያለን። ሩጫ በሩጫ ላይ፣ ልጅ በልጅ ላይ። ይህ «ልጅ ሁሉ ልጅ ነው» ማለት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ኤዲተሩ፦ ነው። በኛ ሙያ ከዚህ የቆየ ብልሃት ያለ አይመስለኝም። ሩስያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር እየቀጠለ ሲያሳይ ተመልካቹ ያንኑ አንድ ፊት አንዴ የራበው፣ አንዴ ያዘነ አድርጎ አነበበው ይባላል። ትርጉም የሚወለደው መገጣጠሚያው ላይ ነው ማለት ነው። የብዙ ታሪክ ፊልም ይህንኑ ከሾት አውጥቶ ወደ ሙሉ ታሪክ አሳደገው። ዲ. ደብሊው ግሪፊዝ በ1916 «ኢንቶለራንስ»ን ሲሠራ እያፈራረቀ የቆረጠው አራት ዘመን ነበር፤ የባቢሎንን ውድቀት፣ የክርስቶስን ሕማማት፣ በ1572 ፓሪስ ውስጥ በፕሮቴስታንቶች ላይ የደረሰውን እልቂት፣ እና የራሱን ዘመን አሜሪካ። ወደ መጨረሻው ካቶቹ እየፈጠኑ ይሄዳሉ፣ አራቱም ዘመን ጎን ለጎን የሚጋልብ ይመስላል። በየመሐሉ የሕፃን አልጋ የምታወዛውዝ ሴት ትመጣለች፤ ሊሊያን ጊሽ ናት። አራቱን የምታያይዝ እሷ ናት።

ደራሲዋ፦ ኢኛሪቱ ጋ ደግሞ የማያያዙ ሥራ ለጠመንጃ ተሰጠ።

ኤዲተሩ፦ አዎ፣ ያውም መንገዱ በደንብ የሚታወቅ ጠመንጃ። አንድ ጃፓናዊ፣ ዋታያ፣ ሞሮኮ ለአደን ሄዶ ሲመለስ ጠመንጃውን ለመሪው ለሐሰን በስጦታ ይተውለታል። ሐሰን ለጎረቤቱ ለአብዱላህ በ500 ድርሃምና በአንድ ፍየል ይሸጥለታል። አብዱላህ ፍየሎቹን ከቀበሮ እንዲጠብቁበት ለልጆቹ ይሰጣል። ልጆቹ ጥይቱ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለመሞከር ይተኩሳሉ፤ አሜሪካዊቷ ሱዛን ትመታለች። የሱዛን ልጆች ሳን ዲዬጎ ከሞግዚታቸው ከአሜሊያ ጋር ናቸው። የአሜሊያ ልጅ ሠርግ ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ነው። አየሽ፣ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከሰጪ ነው። እዚህ ላይ እንመለስበታለን።

ደራሲዋ፦ እሺ። ግን ጎን ለጎን መጋለብ ያሉት ነገር ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ጎን ለጎን የሚጋልቡ አይነካኩም።

ኤዲተሩ፦ ሰርጌይ አይዘንስታይን ግሪፊዝን የወቀሰው በዚሁ ነው። በ1944 ስለ ዲከንስና ስለ ግሪፊዝ በጻፈው ድርሰት፣ ግሪፊዝ ባለጠጋና ድሃን እንደ ሁለት ትይዩ መስመር ያያቸዋል ይላል። መስመሮቹ አብረው ይሮጣሉ፣ አንድ ቀን ይታረቁ ይሆናል የሚል ተስፋም አለ፤ የአንዱ ድህነት ከሌላው ሀብት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አይጠየቅም። አይዘንስታይን ለግሪፊዝ ትልቅ አክብሮት ነበረው፤ ከሱ እንደተማረም ደጋግሞ ተናግሯል። ቢሆንም ማወዳደር ብቻውን ማስረዳት አይሆንም ባይ ነው። እኔም በዚህ አምናለሁ። የሩጫው ካት ያወዳድራል፣ አያስረዳም።

ደራሲዋ፦ ታዲያ ፊልሙን ለምን ይወዱታል?

ኤዲተሩ፦ ምክንያቱም የጎላው ካት ሁሉ የፊልሙ እውነተኛ ሐሳብ አይደለም። ሐሳቡን ለማግኘት መጀመሪያ ጊዜውን መፍታት አለብሽ። ዴቪድ ቦርድዌል በ1985 ስለ ፊልም ትረካ ባሳተመው መጽሐፍ ከሩስያ ፎርማሊስቶች የወሰደው መለያ አለ፤ በአንድ በኩል ነገሩ በጊዜ ቅደም ተከተሉ የሆነው ሁሉ፣ በሌላ በኩል ፊልሙ እያዘገየ፣ እያቀደመ፣ እየደበቀ የሚያቀርብልን አደራደር። ታሪክና ሴራ እንበላቸው። ተመልካች ቁጭ ብሎ የሚያይ ብቻ ሳይሆን በየሰከንዱ ከሴራው ታሪኩን መልሶ የሚገጣጥም ነው። በ«ባቤል» ውስጥ ይህን የሚገጣጥም ሰው የሚያገኘው ነገር የሚያስደነግጥ ነው።

ደራሲዋ፦ የስልኩን ነገር ሊሉ ነው።

ኤዲተሩ፦ የስልኩን ነገር። አሜሊያን መጀመሪያ የምናገኛት ስልክ ስታነሳ ነው። የሱዛን ባል ሪቻርድ ነው የደወለው፤ ሱዛን ቀዶ ሕክምና ልትገባ ነው። ካሜራው ሳን ዲዬጎ ነው ያለው። የሪቻርድን ፊት አናይም፣ ድምፁን ብቻ ነው የምንሰማው። ልጁ ማይክ ስልኩን ተቀብሎ ስለ ትምህርት ቤት ውሎው ያወራዋል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ፊልም አየን፤ ጥይቱን፣ መንደሩን፣ ሱዛን መሬት ላይ ተኝታ የእንስሳት ሐኪም ቁስሏን ሲሰፋት። መጨረሻው አካባቢ ሪቻርድ ካዛብላንካ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስልክ ይዞ ቆሟል። የዚያኑ ልጅ ድምፅ እንሰማለን። ያው ጥሪ ነው! አሁን ግን ካሜራው እሱ ጋ ነው። ልጁ እንዳይሰማበት አፉን ሸፍኖ ያለቅሳል።

ደራሲዋ፦ ሪቻርድን የሚጫወተው ብራድ ፒት በዚህች ሾት ላይ የሠራውን ማንም አይነቅፍም።

ኤዲተሩ፦ አይነቅፍም። ግን ትወናውን ተዪውና ስሌቱን አስቢ። ጥሪው አንድ ከሆነ የአሜሊያ ታሪክ በሙሉ የሚጀምረው ሱዛን ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው። ሠርጉ፣ በረሃው፣ የድንበር ጠባቂዎቹ፣ ሁሉም። እኛ ግን ሠርጉ ላይ ሲጨፈር ወደ መንደሩ እየተቆረጠ ሱዛን ስትቃትት እናያለን፤ እኩል ሰዓት ላይ ያሉ ይመስለናል። አይደሉም። አሜሊያ ከልጇ ጋር ስትጨፍር ሱዛን ካዛብላንካ ገብታ ሐኪም እጅ ላይ ናት።

ደራሲዋ፦ ስለዚህ ተታልለናል።

ኤዲተሩ፦ እስቲ ደግሞ ሁለት የገንዘብ ሲኖችን አስታውሺ። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ሪቻርድ ለአንዋር ገንዘብ አውጥቶ ይሰጠዋል። አንዋር የቱሪስቶቹ አስጎብኚ ነው፤ ሰውየውንና ሚስቱን መንደሩ ወስዶ፣ ሌሎቹ ቱሪስቶች አውቶቡሱን ይዘው ጥለዋቸው ሲሄዱ አብሯቸው የቀረ ሰው። ገንዘቡን እጁን ዘርግቶ ይመልሰዋል፣ አይቀበልም። ይህን የምናየው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ሌላው ሲን የሚመጣው መጀመሪያ አካባቢ ነው። ሪቻርድ በማግስቱ ደውሎ ልጆቹን የሚይዝ ሰው አልተገኘም፣ የልጅሽ ሠርግ ይቅር፣ ሌላ የተሻለ ሠርግ እኔ እከፍላለሁ ይላታል።

ደራሲዋ፦ ቆይ... በሴራው የአሜሊያ ይቀድማል፤ በታሪኩ ግን የአንዋር ነው የሚቀድመው።

ኤዲተሩ፦ ነው እንጂ! አንድ ሞሮኳዊ ገንዘብህን አልፈልግም ባለው ማግስት ነው ሪቻርድ የአንዲትን እናት ደስታ በገንዘብ ልግዛው ያለው። ፊልሙን በሚታይበት ቅደም ተከተል ብቻ ያየ ሰው ሪቻርድ እየተማረ የሄደ ይመስለዋል፤ መጀመሪያ የማይሰማ አሠሪ ነበር፣ በኋላ መከራ አለሰለሰው ብሎ ይወጣል። ጊዜውን የፈታ ሰው ደግሞ ለአንዋር እንባ ያቀረረ ሰው በማግስቱ ለአሜሊያ ያው አሠሪ እንደሆነ ያያል። ጊዬርሞ አርሪያጋ ስክሪፕቱን ሲጽፍ ይህን በአጋጣሚ አደረገው ብዬ አላምንም።

ደራሲዋ፦ ይሄ ካቶቹን በሌላ ዓይን እንዳይ ያደርገኛል። ግን ጋሼ፣ ለአንድ ነገር መልስ ይስጡኝ። ስልኩ ሁለት ጫፍ አለው፣ ካሜራውም ለሁለቱም ጫፍ ዕድል ሰጠ። መጀመሪያ አሜሊያን፣ መጨረሻ ሪቻርድን። ከአሜሊያ ጋር ያለው የመጨረሻ ግንኙነት ግን አንድ ጫፍ ብቻ ነው ያለው። ቢሮ ውስጥ ቀይ የሠርግ ቀሚሷ ተቀዳድዶ፣ በአቧራ ተበላሽታ ተቀምጣለች። መኮንኑ ነው የሚነግራት፤ የልጆቹ አባት በጣም ተቆጥቷል፣ ሊከስሽ ግን አልፈለገም ይላታል። ሪቻርድ ያንን ሲወስን ፊቱ አይታይም። ስታሳድግለት የኖረችው የሱን ልጆች ነው። ለሱ ልቅሶ የተሰጠው ክሎዝ አፕ ለውሳኔው ለምን ቀረ?

ኤዲተሩ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሙሉ መልስም የለኝም። አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። ያ ሁለተኛው የስልክ ሲን የሚመጣው አሜሊያ ከተባረረች በኋላ ነው። ስለዚህ ሪቻርድ ሲያለቅስ እኛ የምናውቀውን እሱ አያውቅም። ከወዲያ ጫፍ ስልኩን ለልጁ ያቀበለችው ሴት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኑሮዋ ሁሉ እንደሚፈርስ እናውቃለን። የእሱን ፊት እያየን የእሷን እናስባለን።

ደራሲዋ፦ ማሰብ የሚችል ያስባል። አብዛኛው ተመልካች ግን ለታየው ነው የሚያለቅሰው። እኔ የማውቃቸው ሴቶች አሉ፤ ቤይሩትም፣ ጅዳም፣ ዱባይም የሰው ልጅ አሳድገው የተመለሱ። ልጁ በአረብኛ «እማ» እያላቸው ያደገ፣ አንድ ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ከቤት ሲወጡ እንዲሰናበቱት እንኳ ያልተፈቀደላቸው። አሁን የምጽፈው ስክሪፕት ከሦስቱ ታሪኮች አንዱ የእንደዚህ ያለች ሴት ነው። የእሷን የመጨረሻ ሲን በመኮንን አፍ አላስነግረውም።

ኤዲተሩ፦ አታስነግሪው። በዚህ ከአርሪያጋ የተሻለ መሥራት ትችያለሽ። ግን አሜሊያን የምትጫወተው አድሪያና ባራዛ ያ ወንበር ላይ የሠራችውን ደግመሽ እዪው። ለኦስካር የታጨችው በከንቱ አይደለም።

ደራሲዋ፦ በትወናዋ ምንም ቅሬታ የለኝም። ወደ ቶኪዮ እንሂድ፤ እዚያ ነው ፊልሙ ከኔ ጋር የታረቀው።

ኤዲተሩ፦ በምን?

ደራሲዋ፦ በድምፅ። ቺዬኮ መስማት የተሳናት ወጣት ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ዲስኮ ትገባለች። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሙዚቃው ደረት ይመታል። ከዚያ ካሜራው ወደ እሷ ሲዞር ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ምንም። አፍ ይከፈታል፣ እጅ ይነሳል፣ ሰው ይዘላል፣ ድምፅ የለም። ደግሞ ወደ ሌሎቹ ሲቆረጥ ሙዚቃው ይጋጫል። እንደገና ዝም። ሚሼል ሺዮን ካሜራ የእይታ ቦታ እንዳለው ሁሉ ድምፅም የመስማት ቦታ አለው፣ በማን ጆሮ ነው የምንሰማው ብለን መጠየቅ አለብን ይላል አይደል? እዚህ ፊልሙ ጆሮውን ወስዶ ቺዬኮ ላይ አስቀመጠው። የሷን ብቸኝነት በቃል አልነገረኝም፣ አደነቆረኝ። መጀመሪያ ስትገባ በዝምታው ውስጥም እየሳቀች ትጨፍራለች፤ ዝምታው ራሱ አያሳዝንም። የሚያሳዝነው የወደደችው ልጅ ጓደኛዋን ሲስም ስታይ ያው ዝምታ ሌላ ነገር ሲሆን ነው።

ኤዲተሩ፦ ያው ዝምታ፣ ሁለት ትርጉም። ኩሌሾቭ በጆሮ።

ደራሲዋ፦ በዚያው ግን የሚከብደኝ ነገር አለ። ሎራ መልቪ በ1975 የጻፈችው፣ ሴት በስክሪን ላይ የምትታየው ለመታየት ነው፣ የሚያየው ወንድ ነው ያለችው፣ በዚህ ታሪክ ላይ በደንብ ይሠራል። ቺዬኮ መስማት እንደማትችል ሲያውቁ ወጣቶቹ እንደ ጭራቅ ያዩኛል ትላለች። ስለዚህ ሰውነቷን መሣሪያ አድርጋ እንዲያዩዋት ታስገድዳቸዋለች። ፊልሙ ሕመሟን ሊያሳየኝ ነው የፈለገው፤ ገላዋን ሲያሳይ ግን ካሜራው የቆመው የነዚያ ወጣቶች ቦታ ላይ ነው። ጆሮዋን ሰጠኝ፣ ዓይኗን ግን ሁልጊዜ አልሰጠኝም።

ኤዲተሩ፦ እውነት ነው። ፎቶግራፉን የሠራው ሮድሪጎ ፕሪዬቶ ሦስቱን አገሮች ሆን ብሎ በተለያየ ፊልም ነው የቀረጸው። ሞሮኮን በ16 ሚሊ ሜትር፣ ለዚህ ነው ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው። ሜክሲኮን በ35። ቶኪዮን በአናሞርፊክ ሌንስ፤ የቺዬኮ ፊት ጥርት ይልና ከኋላዋ ያለው ከተማ ሁሉ ይደበዝዛል። በዚህ ከበባት፣ ለይቶ አቆማት። ይህ ውበት ግን አንቺ የምትዪውን ጥያቄ አይመልስም።

ደራሲዋ፦ ሙዚቃውስ? ጉስታቮ ሳንታዎላያ በዚህ ፊልም ኦስካር ወሰደ፤ ከሰባት ዕጩነት ያሸነፈው እሱ ብቻ ነው። ያንን ዑድ እወደዋለሁ። ግን መጨረሻው አካባቢ የሪዩቺ ሳካሞቶ ዜማ ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ሲፈስ እንደገና «ሁላችንም አንድ ነን» የሚለውን ሰማሁ። ካቱ የለያየውን ሙዚቃው ያጣብቀዋል።

ኤዲተሩ፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። እኔ ብሆን ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው የሚያልፈውን ሙዚቃ አወጣው ነበር። አሁን ግን ቅድም እንመለስበታለን ያልኩሽን ልንገርሽ። አርታቫዝድ ፔሌሺያን የሚባል አርመናዊ ፊልም ሠሪ አለ። «እኛ»ን በ1969፣ «ወቅቶች»ን በ1975 ሠርቷል፤ አጫጭር ናቸው፣ ንግግር የላቸውም ማለት ይቻላል። ኩሌሾቭና አይዘንስታይን ሁለት ሾት አጋጥማችሁ ትርጉም ፍጠሩ ሲሉ እሱ ተቃራኒውን ይላል፤ ክብደት ያላቸውን ሁለት ሾቶች አራርቃቸው፣ በመካከላቸው ሌላ ብዙ ነገር አስገባ፣ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው በተመልካች አእምሮ ውስጥ ይነሳ። የርቀት ሞንታዥ ይለዋል። እኔ «ባቤል»ን መውደድ የጀመርኩት በፔሌሺያን ዓይን ካየሁት ወዲህ ነው።

ደራሲዋ፦ የአንዋርና የአሜሊያ ገንዘብ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ኤዲተሩ፦ እሱ አንዱ ነው። የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ይህ ጠመንጃ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ ስንት ቦታ ነው የሚጠየቀው? ሞሮኮ ውስጥ ፖሊሶች ሐሰንን ያገኙታል። መሬት ላይ ጥለው ይደበድቡታል፤ ሚስቱንም አይምሩም። ሐሰን ጃፓናዊው ሰጠኝ እያለ ይምላል፣ አብረው የተነሱትን ፎቶ ያወጣል። ከዚያ ብዙ ቆይቶ ቶኪዮ ውስጥ መርማሪው ዋታያን ያገኘዋል። ጥያቄው ያው ነው፣ ጠመንጃው ያው ነው። እዚያ ግን ጎንበስ ተብሎ፣ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ዋታያ አዎ፣ የኔ ነበር፣ ጎበዝ መሪ ስለነበር ሰጠሁት ይላል። ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። መርማሪው እንዲያውም ስለ ሚስቱ ሞት ማዘኑን ይነግረዋል።

ደራሲዋ፦ ሁለቱ ሲኖች ተከታትለው ቢቆረጡስ?

ኤዲተሩ፦ ፖስተር ይሆናል። ዱላና መጎንበስ ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ተመልካቹ ገባኝ ብሎ ያልፈዋል። ተራርቀው ሲመጡ ግን ዋታያ በትሕትና ሲመልስ ከሆድሽ ውስጥ የሐሰን ጩኸት ይነሳል። ማንም አላሳየሽም፤ አንቺ ነሽ የቆረጥሽው። አይዘንስታይን አይጠየቅም ያለው ጥያቄ፣ የአንዱ ሰላም ከሌላው መከራ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚለው፣ እዚህ ተጠየቀ። የሩጫው ካት «አንድ ነን» አለ። ይህ ደግሞ አንድ ዕቃ በሁለት ሰው እጅ ውስጥ ሲያልፍ አንዱን እንደሚያስደበድብ፣ ሌላውን እንደሚያስጎነብስለት አሳየ። ሁለቱም አንድ ፊልም ውስጥ ናቸው። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው።

ደራሲዋ፦ ሄሊኮፕተሩም እንዲሁ ነው እንግዲህ። የሁለት መንግሥታት ክርክር ቢያዘገየውም ለሱዛን መጣ። አህመድ ተመትቶ ሲወድቅ ለሱ የሚመጣ ነገር አናይም።

ኤዲተሩ፦ የዩሱፍን ትዝታ ግን እንዳትረሺ። ቅድም ፊልሙ ለሞሮኮዎቹ የውስጥ ሕይወት አልሰጣቸውም ልትዪኝ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። ዩሱፍ እጁን ከሰጠ በኋላ አንድ አጭር ሾት አለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ኮረብታ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ነፋሱ ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። እየሳቁ ነው። አህመድ በሕይወት ያለበት የመጨረሻው ሾት ይህ ነው፣ የዩሱፍ ትዝታም ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ወደ ሰው ትዝታ ውስጥ የገባንበት ጊዜ ከዚህ ሌላ ትዝ አይለኝም። የሪቻርድና የሱዛን ሕፃን ልጅ ሞቷል፤ ለዚያ እንኳ ትዝታ አልተሰጠም፣ በንግግር ብቻ ነው የምናውቀው።

ደራሲዋ፦ ይህን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ስለ ደራሲነት ልጠይቅዎት፤ ለሙያዬ ነው። ይህን ሁሉ ማን ነው ያሰበው? አርሪያጋ ነው ወይስ ኢኛሪቱ?

ኤዲተሩ፦ «አሞሬስ ፔሮስ»ን በ2000፣ «21 ግራም»ን በ2003፣ «ባቤል»ን በ2006፣ ሦስቱንም አብረው ሠሩ፤ ከሦስተኛው በኋላ ፊልሙ የማን ነው በሚል በአደባባይ ተለያዩ። ዳይሬክተሩን የፊልም ብቸኛ ደራሲ የሚያደርገው የፈረንሳዮቹ ሐሳብ እንዲህ ያለውን ፊልም ሲገጥመው ይቸገራል። የስልኩ ነገር ወረቀት ላይ ነው የተወለደው። የዲስኮው ዝምታ ያለ ዳይሬክተርና ያለ ድምፅ ባለሙያ አይታሰብም። ስቲቨን ሚሪዮንና ዳግላስ ክራይዝ ደግሞ ኤዲት ሲያደርጉ በየትኛው ሰከንድ ላይ እንቁረጥ ብለው ያደሩበትን እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ። አንቺ ስትጽፊ የራቁትን ጥንዶች ወረቀት ላይ አስቀምጪ፤ ኤዲተርሽ የሚቀርቡትን ራሱ ያገኛቸዋል።

ደራሲዋ፦ እንግዲያው የኔን አንድ ጥንድ ይስሙኝ። ቺዬኮ ለመርማሪው ማስታወሻ ጽፋ ትሰጠዋለች፣ አሁን አታንብበው ትለዋለች። መጠጥ ቤት ተቀምጦ ያነበዋል፤ እኛ ምን እንደሚል አናይም። በዚህ ፊልም ውስጥ ሰው ሁሉ ሲመረመር ነው የምናየው። ሐሰን በዱላ፣ አሜሊያ በጠረጴዛ ማዶ፣ የአሜሊያ ዘመድ ሳንቲያጎ በድንበር ፍተሻ፣ እነ ዩሱፍ በገዛ አባታቸው ጥፊ። ሳትጠየቅ፣ ወድዳ ቃሏን የሰጠች ቺዬኮ ናት። ለዚህ ይመስለኛል ካሜራው ወረቀቱን ሳያነብ የተዋት።

ኤዲተሩ፦ ጥንዷስ ማን ናት?

ደራሲዋ፦ ዩሱፍ ነው። እሱም ማንም ሳይጠይቀው ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ሰብሮ፣ እጁን አንስቶ ይወጣል። የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ግደሉኝ፣ ወንድሜን አድኑልኝ ይላል። ቃሉን ሁሉም ሰው ይሰማል፣ እኛም እንሰማለን። የቺዬኮን ከመርማሪው በቀር ማንም አላወቀም፣ ግን ከዚያ በኋላ አባቷ መጥቶ ሰገነቱ ላይ ያቅፋታል። የተሰማው አላዳነም። ፊልሙ እዚህ ላይ ከቶኪዮ በላይ ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ እኔ የማስበው ያንን ነው። ያቀፋት አባት ጠመንጃውን የሰጠው ሰው ነው፤ ዩሱፍ ስሙን እንኳ አያውቀውም።